የተቀየመ ልጅ ካለ ይውጣ

ስልክሽ ጠረጴዛው ላይ ብዝዝ ባለ ቁጥር በፊቱ ትደፊዋለሽ። ከደፋሽው በኋላም እንጨቱ ይነዝራል፣ ብርጭቆው ውስጥ ያለው ሻይ ይርገበገባል። ሌላው ሰው ያንን ድምፅ በጆሮው ነው የሚሰማው፤ እኔ ግን እዚህ ጋ፣ ከእምብርቴ ከፍ ብሎ ነው የሚሰማኝ። ስንት ዓመት አልፎ አሁንም።

ምን እንዳሉሽ አልጠይቅሽም። የሚለየን አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው፤ ስታለቅሺ ይሰማኛል፣ ስትናፈጪም ይሰማኛል፣ ይበቃኛል። ግን ሻይሽን እስክትጨርሺ የኔን ልንገርሽ። ምክር እንዳይመስልሽ። ምክር ከፈለግሽ ኮሌጃችሁ ውስጥ የምክር ቢሮ አለ አሉ፣ ክፍት የሆነበትን ቀን ካገኘሽ።

መናኸሪያ ስትገቢ በሞንታርቦ «ሸቤ፣ ሸቤ፣ አንድ ሰው የቀረው» የሚለውን ድምፅ ሰምተሽ ወንድ መስሎሽ ነበር አይደል? እኔ ነኝ። አትፈሪ፣ ሁሉም ነው የሚሳሳተው። ከአሥራ ሁለት ዓመቴ ጀምሮ ድምፄ ወፍራም ነው። እናቴ ቶንሲል መስሏት አንድ ክረምት ሙሉ ዝንጅብል ስታጠጣኝ ከረመች። አባቴ ነው «ተዪያት፣ የኔን ነው የወሰደችው» ብሎ ያስጣለኝ። የሱም ድምፅ እንደዚሁ ነበር፣ ከጉድጓድ የሚወጣ ዓይነት። ሸቤ እያለሁ ደግሞ ማንም ጉዳዬ ብሎት አያውቅም። በቡና ለቀማ ጊዜ ከወንዙ ማዶ ያሉትን ሴቶች ለምሳ የምጠራው እኔ ነበርኩ፤ አንዴ ከጠራሁ ሁለተኛ መጥራት አያስፈልግም።

አሥራ አንደኛ ክፍል ስደርስ አባቴ እዚህ ጅማ፣ ቦሳ አዲስ፣ እህቱ ጋ አስገባኝ። አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ከበረንዳዋ ላይ የስፌት መኪናዋ ከጠዋት እስከ ማታ ትንተከተካለች። ትምህርት ቤቱ ትልቅ ነው፣ ማንንም አላውቅም። በሦስተኛው ሳምንት የአማርኛ አስተማሪያችን አንድ ገጽ አስነበበኝና መጽሐፉን ዘግቶ «ይኼ ድምፅ ያለ ሞንታርቦም ጅማን ያዳርሳል» አለ። ሚኒ ሚዲያ አስገባኝ። በእረፍት ሰዓት ማስታወቂያ፣ የጤና ምክር፣ የጠፋ ደብተር፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን አነብ ነበር። የሚኒ ሚዲያው ክፍል ጠባብ ነው፣ ያረጀ ስፖንጅና የአይጥ ሽታ ይሸታል፣ ግን ስወድደው! ከመስኮቱ ስመለከት የማያውቁኝ ልጆች ቆም ብለው ይሰሙኛል። ሰው የሆንኩ መሰለኝ።

ከዚያ ቻናሉ መጣ። የትምህርት ቤቱ ስም ያለበት፣ የድመት ፎቶ የለጠፈ የቴሌግራም ቻናል ነበር። ባለቤቱ አይታወቅም። ሐሜት ያለው ሰው ለቦቱ ይልካል፣ ቦቱ ስምሽን ደብቆ ይለጥፈዋል፣ ከስሩ ሕዝቡ ይወርድበታል። አንድ ማክሰኞ የኔን ድምፅ ቀድተው፣ ከስሩ የከባድ መኪና ጥሩምባ ጨምረው፣ «ተሳቢዋ ደረሰች፣ መንገድ ልቀቁ» ብለው ለጠፉት። መጀመሪያ እኔም ሳቅሁ። እውነቴን ነው፣ ጥሩምባው በትክክል ነበር የገባው። ምሽት ላይ ስከፍተው ግን መኪናው ቀርቶ ስለ እኔ ሆኗል። ወንድ ናት፣ ፂሟን ትላጫለች፣ እሷን የሚያገባ ሰው ሌሊት ጅብ የመጣ መስሎት ይሞታል። እኔ ጅሏ «እባካችሁ ተዉኝ፣ ምን አደረግኳችሁ» ብዬ ጻፍኩ። ያቺን «እባካችሁ» ደግሞ ሳምንት ሙሉ ሲቀባበሏት ከረሙ።

ልጆቹ እንዴት እንደሚችሉት ልንገርሽ፤ ያኔ ብዙ ሰው ነበር የሚሰደበው። አንዷ ከመሰደቧ በፊት ራሷን ትሰድብ ነበር፣ ራሷ ናት ለቦቱ የምትልከው፣ ቀድሜያቸው ይሻላል ትላለች። አንዱ ጥርጣሬ ያደረበትን ሁሉ ከበር ጠብቆ ይማታ ነበር፤ አንድም ቀን ትክክለኛውን ሰው መትቶ አያውቅም። ሌላዋ በየሁለት ሳምንቱ ወባ ይዞኛል እያለች ትቀር ነበር። እኔ ዝም አልኩ። መላዬ እሱ ሆነ፦ ድምፅ ከሌለኝ በምን ይሰድቡኛል? ሚኒ ሚዲያውን ተውኩ። ስም ሲጠራ «አቤት» ማለት ትቼ እጄን አወጣለሁ። ጥያቄ ስጠየቅ የማውቀውንም አላውቅም ለማለት ራሴን አወዛውዛለሁ። አብራኝ የምትቀመጠው ልጅ «ዓይኔ ሰሌዳው አይታየውም» ብላ ወደ ፊት ተዛወረች፤ ዓይኗ ግን መርፌ በጨለማ ይሰካ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ዴስኩን ብቻዬን ተቀመጥኩበት።

በእረፍት ሰዓት ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ፣ ውሃው ከተቋረጠ ቧንቧ አጠገብ እቀመጥ ነበር። ኅዳር ነበር። ከአጥሩ ማዶ የቡና መጋዘን አለ፣ ጀንፈሉን በፀሐይ ያሰጡታል፣ ያ ከቅርፊቱ ጋር የሚደርቅ ቡና የሚሰጠው ጎምዛዛ ጣፋጭ ሽታ አለ፣ ታውቂው ይሆናል። የቤታችን ሽታ ነው። እሱን እያሸተትኩ ስልኬን አወጣና ስድቤን አነብባለሁ። ስም የለሽ፣ ፎቶ የለሽ ሁለተኛ አካውንት ከፍቼ ነበር፣ እኔ መሆኔን ሳያውቁ የሚሉትን ለማየት ብዬ። አታንብቢው ይሉሻል። እንዴት አላነብም? ስለ እኔ ይህን ያህል ያወራ ሰው በሕይወቴ አግኝቼ አላውቅማ።

አባቴ በየቅዳሜው ይደውል ነበር። ኔትወርክ የሚገኘው ዳገቱ ላይ ነው፣ እዚያ ድረስ ወጥቶ እያለከለከ ነው የሚደውለው። እኔ «ደህና ነኝ፣ እሺ፣ ቻው» ነው የምለው። አንድ ቅዳሜ «ኢንተላ ኮ፣ ድምፅሽ የት ሄደ?» አለኝ። ልጄ ማለቱ ነው በኦሮምኛ። ጉንፋን ነው አልኩት። ጉንፋን የሆነ ድምፅማ ይወፍራል እንጂ አይጠፋም አለና ስልኩን ለአክስቴ እንድሰጣት ጠየቀኝ።

አክስቴ ከሰፈሩ ልጆች ሰምታ ኖሮ ነገረችው። እሷ ስልኩን ላውድ ላይ አድርጋ እየሰፋች ነው የምታወራው፣ ስለዚህ ጓዳ ሆኜ ሁሉንም ሰማሁ። የሚሰድባት ማን ነው አለ። አይታወቅም አለችው። የማን ልጅ ነው? አይታወቅም። ቤቱ የት ነው? ወንድሜ በስልክ ነው እኮ፣ ስም የለውም፣ አለችው። አባቴ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝን ነገር ተናገረ፦ ሰው ያለ ምክንያት ሰውን እንዲህ አይሰድብም፣ ልጃችን ሳታውቅ አስቀይማው ይሆናል፣ የተቀየመ ሰው ካለ ደግሞ ሽማግሌ ይላክበታል።

ተናደድኩ። እንዴት እንደተናደድኩ ልነግርሽ አልችልም። የተሰደብኩት እኔ፣ ብቻዬን የምቀመጠው እኔ፣ ይቅርታ ጠያቂም እኔ? ማታ ራት አልበላም አልኩ። አክስቴ «አባትሽ የሚያውቀው ይኼንን ነው፣ ሰው ሲጣላ ሰው ይልካል» አለችኝ። ተዪው፣ ለወሬ ያህል ነው፣ በለቀማ ወቅት ቡናውን ጥሎ የት ይመጣል ብዬ ተኛሁ።

ሰኞ ጠዋት ተሰልፈን ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ ምክትል ርእሰ መምህሩ ማይኩን ያዘና ከሩቅ የመጡ እንግዶች አሉ አለ። ቀና ስል አየኋቸው። ሦስት ናቸው። ነጭ ቆብ ያደረጉት ጎረቤታችን ሐጂ፣ የመንደራችን የእድር ዳኛ፣ መሐል ላይ ደግሞ አባቴ። ለሠርግና ለለቅሶ ብቻ የሚለብሳትን ቡናማ ኮቱን ለብሷል፣ ከስር ቦቲ አድርጓል፣ ቦቲው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነው። ሦስቱም በእጃቸው እርጥብ ሣር ይዘዋል። በኛ አገር ሰው ለዕርቅ ሲለምን ሣር ይይዛል፣ ሣር የያዘ ሰው አይገፋም። ከአባቴ እግር ስር አንድ ቆርቆሮ ማር ተቀምጧል። ለተቀየመው ልጅ መሆኑ ነው።

መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

ምክትሉ የልጅቷን ስም እንዳይጠሩ ቀድሞ ነግሯቸው ነበር አሉ፤ ለኔ አዝኖ ነው፣ እግዜር ይስጠው። አባቴ ማይኩ ላይ በጣም ተጠግቶ ሲጀምር ጮኸበት፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። የገበያ አማርኛውን ይዞ፣ ቀስ ብሎ፣ እያንዳንዱን ቃል እየመረጠ ተናገረ።

«እኔ ገበሬ ነኝ። ከእናንተ መሐል አንዱ በልጄ አዝኗል ተብዬ መጣሁ። ምን እንዳደረገችው አላውቅም። አጥፍታ ከሆነ ልጅ ናት፣ ማሎ፣ ይቅር በሏት። የተቀየመ ልጅ ካለ ይውጣ። እሱ ይናገር፣ እኛ እንሰማለን። በእሷ ፈንታ እኔ እግሩ ላይ እወድቃለሁ።»

ማሎ ማለት እባካችሁ ነው። ሁለቴ ነው ያለው፣ አንዴ በማይኩ፣ አንዴ ከማይኩ ራቅ ብሎ። ከኋላ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍሎች ሰልፍ አንድ ሰው በአፍንጫው ሳቀ። ሳቅ ደግሞ እንደምታውቂው ነው፣ አንዴ ከተለኮሰ አስተማሪም አያጠፋውም። ድምፁን ሰምተውት እኮ ነው። የኔው ድምፅ ነው፣ ወንድ አፍ ውስጥ ሆኖ።

አባቴ በሰልፎቹ ላይ ዓይኑን ያንከራትት ጀመር። ተቀያሚውን ይፈልግ እንደሆነ፣ እኔን ይፈልግ እንደሆነ አላውቅም። የኛ ክፍል ሰልፍ ጋ ሲደርስ አገኘኝ። እኔም አየሁት። አሁን አንድ እርምጃ ከሰልፉ ብወጣ፣ «አባ» ብለው፣ ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር። አንገቴን ደፋሁ። ከፊቴ የቆመችውን ልጅ የሹራብ ክር መቁጠር ጀመርኩ፣ ወይን ጠጅ ሹራብ ነው፣ ክርኗ ላይ ተተርትሯል። ቀና ስል አባቴ ዓይኑን ከኔ አንስቶ ወደሚቀጥለው ሰልፍ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው አሳልፏል፣ ልክ እንዳላየኝ አድርጎ። አልጠራኝም። ማንም አልወጣም። ሦስቱ ሰዎች ሣራቸውን ይዘው ከበሩ አጠገብ ካለው ዛፍ ስር ሄደው ተቀመጡ፣ ምናልባት ልጁ በሕዝብ ፊት አፍሮ ይሆናል፣ በእረፍት ብቻውን ይመጣ ይሆናል ብለው። እስከ ቀትር ተቀመጡ።

እረፍት ላይ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ሆኜ ስልኬን ከፈትኩ። ቪዲዮው ወጥቷል። ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው፣ የሚከለክለው ግን ማንን እንደሆነ አላውቅም። «ሽማግሌ በቴሌግራም» ብለውታል። ከስሩ አንዱ «ለቦት ሽምግልና»፣ አንዱ «ማሩ ለአድሚኑ ይሰጠው»፣ አንዱ ስለ ቦቲው። እነዚህን ሁሉ ቻልኳቸው። አንደኛው ግን እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ድምፁ ተሳቢዋን አይመስልም? አባቷ እንዳይሆን።»

ከዚያ ስር «ኸረ እውነት»፣ «እሷ ናት»፣ «ነገ እንጠይቃት» መምጣት ጀመረ። ከተቀመጥኩበት አንገቴን ባሰግግ ዛፉ ይታየኛል፣ የሐጂው ነጭ ቆብ ይታየኛል። ያኔ የፈራሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አባቴ መሆኑ እንዳይታወቅ። በዚያች ስም በሌላት አካውንት «እነዚህ ደግሞ ከየትኛው ጫካ ነው የመጡት?» ብዬ ጻፍኩ። ሦስት የሚስቅ ፊት ጨመርኩበት። የራሷን አባት እንዲህ የሚል የለም፣ ስለዚህ ተሳቢዋ እዚህ የለችም ይላሉ ብዬ ነው።

ሠራ። ወሬው ወደ ጫካ ዞረ፣ ዝንጀሮ፣ ጉሬዛ፣ ምናምን። የኔ ጽሑፍ ላይ ሳቁ ተደረደረ። ልዋሽሽ አልፈልግም፣ በዚያ ቻናል ላይ አንድ ሰው እኔ ያልኩትን ሲወድድልኝ የመጀመሪያዬ ነበርና ለአፍታ ደስ አለኝ። የአባቱ ቤት ሲዘረፍ አብሮ ይዘርፋል የሚሉት ሞኝ እኔው ነኝ፣ ሌላ ጋ አትፈልጊው። ወዲያው አስመለሰኝ። ከቧንቧው ስር አስመለስኩ፣ የምታጠብበት ውሃ የለም፣ በሹራቤ እጅጌ አፌን ጠርጌ ክፍል ገባሁ።

ሻይሽ ቀዘቀዘ፣ ልቀይርልሽ? እሺ፣ ተዪው።

ከትምህርት በኋላ በዋናው በር መውጣት ፈርቼ በኋላው አጥር ዞሬ ቤት ስደርስ አባቴ በረንዳው ላይ አግዳሚዋ ላይ ተቀምጧል። ሐጂውና የእድሩ ዳኛ ወደዚሁ ወደ ጅማው መርካቶ ወጥተዋል። ቦቲውን አውልቆ እግሩን ፀሐይ ላይ አድርጎታል፤ ከቆሎው ሰሃን አንድ ፍሬ እንኳ አላነሳም። አክስቴ እየሰፋች ልጅህን አየሃት ወይ ብላ ስትጠይቀው ደረስኩ። «የት አገኛታለሁ፣ ሰዉ ጎርፍ ነው፣ አላየኋትም» አላት። እኔን እያየ ነው እንዲህ ያላት። ጉልበቱን ሳምኩ፣ ራሴን ዳበሰኝ። ስለ ሰልፉ ከዚያ ቀን ወዲያ አንድም ጊዜ አላነሳብኝም፣ እስኪሞት ድረስ።

«አልወጣም» አለ። «ልጁ አልወጣም። እስቲ የሚሉሽን አሳዪኝ፣ ምን እንደበደልሽው ከቃሉ ይታወቅ ይሆናል።»

እምቢ ማለት ነበረብኝ። ግን ሣር ይዞ የመጣን ሰው እንዴት እምቢ ትያለሽ። ስልኩን በዚያው በስም የለሹ አካውንት እንደተከፈተ ሰጠሁት፣ መቀየር ትዝም አላለኝ። አባቴ ፊደል የቆጠረው ጎልማሳ ሆኖ ነው፤ ሲያነብ ወንዝ በድንጋይ ላይ እንደሚሻገር ሰው ነው፣ አንዱን ሳይረግጥ ወደ ሌላው አይሄድም። ቪዲዮውን ሲያይ ሳቀ። የኮቱ ቁልፍ እንደተዛነፈ ያስተዋለው ያኔ ነው፣ ጎንበስ ብሎ አስተካከለው። ከስሩ ያለው ምንድን ነው አለኝ። ሰዎች የጻፉት ነው አልኩት።

«አንብቢልኝ።»

አነበብኩለት። «ለቦት ሽምግልና» የሚለውን «አባታችን እንኳን ደህና መጡ» ብዬ አነበብኩት። ስለ ቦቲው የተባለውን «እንዲህ ያለ አባት ያላት የታደለች ናት» አልኩት። አንዱን «እኔ ተቀይሜ አልነበረም፣ ቀልድ ነው» አደረግኩት። ዓይኔ ስድቡን ያያል፣ አፌ ሌላ ይፈጥራል። ሁለት ወር ቆልፌው የነበረ ድምፅ ነው፣ መጀመሪያ ተሰባበረ፣ በኋላ ግን ወጣ፣ ሙሉ ሆኖ ወጣ፣ በረንዳውን ሞላው። የአክስቴ መኪና ቆመች። አባቴ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ይሰማኛል፣ ቃሉን ሳይሆን ድምፁን የሚሰማ ነው የሚመስለው። እኔም ማቆም አቃተኝ፣ ከሌለው ሁሉ እየፈጠርኩ አነብባለሁ።

ከዚያ ጣቱን አንድ ቦታ ላይ አሳረፈ። «ይኼ ብቻ ለምን አረንጓዴ ሆነ?»

ታውቂዋለሽ፣ ቴሌግራም ላይ የሌላው ሰው ጽሑፍ በነጭ ነው፣ ራስሽ የጻፍሽው ግን ወደ ቀኝ ተጠግቶ አረንጓዴ ይሆናል። ከአንድ ሰፌድ ቡና ውስጥ አንዷን የተበላሸች ፍሬ ከሩቅ የሚለይ ሰው ነው፣ እንዴት ያመልጠዋል። እንዲሁ ነው አባ አልኩት። አመነኝ አላመነኝ አላውቅም፣ ስልኩን ወደ ፀሐይ አዙሮ ራሱ ማንበብ ጀመረ። «እነ... ዚህ ደግሞ... ከየት... ኛው... ጫካ...» እስከ መጨረሻው ሄደ። የሚስቁትን ፊቶችም አንድ በአንድ በጣቱ ነካቸው።

«ሌላውን አሳምረሽ ነው ያነበብሽልኝ» አለ፣ ሳይቆጣ። «ሳቁን ሰልፉ ላይ ሰምቼዋለሁ እኮ። ይሁን። ይኼኛው ግን ጠይቋል። ሰው ከየት መጣህ ካለ፣ ለስድብም ቢለው፣ ይመለስለታል። ጻፊለት።»

«ምን ብዬ?»

«ከሸቤ በዪው። ከከተማው ወደ ውስጥ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ቢመጣ ለቀማ ላይ ያገኘናል፣ ምሳም አይቸግረውም በዪው።»

ጻፍኩ። አንድ ቃል ሳልጨምር፣ አንድ ቃል ሳልቀንስ። ላክሁት። እሱም ከቀኝ በኩል፣ አረንጓዴ ሆኖ ወጣ፣ ልክ ከመጀመሪያው ስር። አባቴ ሁለቱን አረንጓዴዎች ብዙ ጊዜ አያቸው። ከዚያ ስልኩን በሁለት እጁ መለሰልኝና አክስቴን ውሃ ለመናት። ማሩን እዚሁ ትቶት ሄደ፣ ልጁ ከወጣ ይሰጠው ብሎ። ሐጂውና ዳኛው ተመልሰው ሦስቱ ከበሩ ሲወጡ ሣራቸውን ከደጃፉ አጠገብ አኖሩት፣ አይጣልም።

ቻናሉ በሳምንቱ እኛን ረስቶ ወደ ሌላ ዞረ፣ የኛ ዝናብ ወደ ጎረቤት ወረዳ፣ ወደ ደዶ እንደሚሻገረው። የአንዲት ልጅን የደረት ነገር ይዘው ወረዱባት፣ ምስኪን። የኔን መልስ ማንም አልነካውም፤ አንድ ሰው ብቻ፣ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅኩም፣ «እኔም የዚያ አገር ልጅ ነኝ» ብሎ ጽፎበት ነበር። ሚኒ ሚዲያ ተመለስኩ። ድፍረት ስላገኘሁ አይደለም። በረንዳው ላይ ያንን ሁሉ ውሸት ካነበብኩ በኋላ የጠፋ ደብተር ማንበብ ምን ያስፈራል። ጓደኛ ግን አላገኘሁም። ማግኘትም አልፈለግኩም መሰለኝ፤ አንድ ሰው ሲጠጋኝ ይኼ ነገሬ ይታወቅብኛል እያልኩ እሸሽ ነበር። አሁንም ያው ነኝ፣ አየሽ፣ ዓመት ጎረቤት ሆነን ሻይ ስጠራሽ ዛሬ ገና ነው።

አባቴ ቅዳሜ ቅዳሜ መደወሉን ቀጠለ። ስለ ቡናው ያወራኛል፣ ስለ እናቴ ወገብ፣ ስለ ዝናቡ። ሊዘጋ ሲል ሁልጊዜ «ያ ልጅ ወጣ?» ይለኛል። «አልወጣም አባ።» «አፍሮ ነው። ይወጣል፣ አታሳድጂው።» አሥራ ሁለተኛን ጨረስኩ፣ ሥራ ያዝኩ፣ ቻናሉ ራሱ ተዘጋ፣ እሱ አልተወውም። ያ ልጅ ወጣ? አልወጣም። ለምን እንደሚጠይቀኝ አላውቅም ነበር። ወይም አውቄ ነበር፣ አላውቅም ማለቱ ቀለለኝ። ስንት ጊዜ፣ ዛሬ እነግረዋለሁ ብዬ፣ የዳገቱን ነፋስ በስልኩ እየሰማሁ፣ አፌን ከፍቼ ዘጋሁት።

አምና በግንቦት ጉበቱ ታመመና እዚሁ ሆስፒታል አስገባነው። ከአልጋው አጠገብ ስምንት ቀን ተቀመጥኩ። በስምንተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አባርቶ በመስኮቱ ቢጫ ፀሐይ ገብታ ነበር፣ ከሱ እጅ ላይ። ክፍሉ መድኃኒትና እርጥብ መሬት ይሸታል። የተኛ መስሎኝ ነበር። ዓይኑን ሳይገልጥ ጠየቀኝ።

«ያ ልጅ ወጣ?»

እጁን ይዤው ነበር። እኔ ነኝ አባ፣ ልለው ነበር። ግን ሰውየው እየሄደ ነው፤ በዚያ ሰዓት ምን ብዬ ነው ሸክሜን የማወርድበት።

«ወጣ» አልኩት።

«ይቅር አልሽው?»

«አዎ።»

«ደግ አደረግሽ።» ትንሽ ተነፈሰ። «እኔም ይቅር ብዬዋለሁ። ከድሮ ጀምሮ። ንገሪው፣ እሺ? አይፈር በዪው።»

እሺ አባ፣ እነግረዋለሁ አልኩት። ያን ዕለት ሲመሽ ሄደ። ሸቤ ወስደን ቀበርነው። ይኸው ዓመት አለፈው፣ ለልጁ እስካሁን አልነገርኩትም።